አንድ ጃዝ ለአምቦ

አምቦን የማውቃት በጠርሙስ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ውሃዋን ስጠጣ ስኖር፣ ውሃው ከየት እንደሚፈልቅ ሄጄ ልየው ብዬ አላውቅም። ከአዲስ አበባ ውጭ ያደርኩበት ሌሊትም አልነበረኝም። እናንተም አብዛኞቻችሁ እንደኔው ናችሁና፣ ለማትሄዱት ልንገራችሁ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። እኔ ነገር ማካበድ አልወድም። ግን በነዚያ አምስት ቀናት የደነገጥኩትን ያህል ዕድሜዬን ሙሉ አልደነገጥኩም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መጀመሪያ ስለ ራሳችን። ስድስት ነን፤ የምንጫወተው የጥንት ስዊንግ ነው፣ እኛ ሳንወለድ ሰው የተወዛወዘበትን። ትራምፔቱ ዜማውን ይናገራል፣ የእኔ ክላርኔት ከላይ እየተጠማዘዘ ይመልስለታል፣ ትሮምቦኑ ከሥር ያጉረመርማል። ሦስቱም ባንድ ጊዜ ያወራሉ፤ ግን አይጣሉም። ከተማው በኤሌክትሪክ ጊታርና በኦርጋን ሲያብድ፣ እኛ አሮጌ ሸክላ ላይ መርፌውን እየመለስን ነው የተማርነው። ስለዚህ ሰው "ሸክላዎቹ" ይለናል። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ዘመኑ የደርግ ነው። የምንሠራበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲነዘንዘን ኖረ። "ይህን የፈረንጅ ጩኸት ከሰፊው ሕዝብ ማን ጠየቃችሁ?" ይለናል። በመጨረሻ ቁርጡን ነገረን፤ የበጀት ዓመቱ ሳያልቅ ከክፍለ ሀገር አንድ ጥያቄ ካልመጣ ባንዱ ይፈርሳል። ትራምፔቱና ትሮምቦኑ ወደ ማርሽ ባንድ፣ የቀረነው ወደ ንብረት ክፍል። እኔ ክላርኔት ነፍቼ ያደግኩ ሰው ወንበር ስቆጥር ልውል ነው።

ያን ጊዜ ከአምቦ ደብዳቤ መጣ። "ለኪነት ቡድናችን አንድ ጃዝ በአስቸኳይ እንዲላክልን በአብዮታዊ ሰላምታ እንጠይቃለን" ይላል። መሪያችን ወርቁ፣ ትራምፔት የሚነፋው፣ ጮክ ብሎ ሲያነብልን ዕንባዬ መጣ። "አንድ ጃዝ" የሚለው ትንሽ ሊቆረቁረን ይገባ ነበር። አልቆረቆረንም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ኃላፊው "ይላክ" ብሎ ፈረመና፣ ስንመለስ ጥያቄያቸው መሟላቱን የሚገልጽ ባለማኅተም ደብዳቤ ይዘን እንድንመጣ አዘዘን። ደብዳቤው ከሌለ ባንዱም የለም።

ሐሙስ ማለዳ አውቶቡስ ተራ ደረስን። የመጀመሪያው ጣጣ ኮንትራባሱ ሆነ። ለማታውቁት፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ቫዮሊን በሉት። ዝናብ እንዳይመታው በነጭ አቡጀዴ ጠቀለልነውና አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አጋድመን በገመድ አሰርነው። ምን እንደሚመስል ማናችንም አላሰብንም።

ሆለታ ኬላ ላይ ፈታሹ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና፣ ኮፍያውን አውልቆ ሳይፈትሸን አሳለፈን። "የገጠር ሰው ጨዋ ነው" አልኩ ለወርቁ፤ አዲስ አበባ ቢሆን ካልሲያችንን ያስወልቁን ነበር። አዲስ ዓለምን አልፈን ጊንጪ ስንገባ ግን አውቶቡሱ ራዲያተሩ ፈልቶ ቆመ። ሾፌሩ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ካልመጣልኝ ንቅንቅ አልልም አለ። ወርደን ስንቆም፣ መንገድ ዳር ጤፍና ሽንኩርት የሚሸጡት ሁሉ ሥራቸውን ትተው ተነሱ። ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ "ለቅሶ ተፈቀደላችሁ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

አልገባኝም። በከዘራቸው ወደ ጣሪያው አመለከቱኝ። ያኔ ነው ያየሁት። ነጭ ጨርቅ፣ የሰው ቁመት፣ በገመድ የታሰረ። ክው አልኩ። የልጁን ሬሳ ያገኘ ሰው ዕድለኛ የሚባልበት፣ ያገኘውም አታልቅስ የሚባልበት ጊዜ ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበር። "አባባ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ነው" ስላቸው ረጅም ጊዜ አዩኝ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። "ተመስገን" ብለው ሄዱ።

ያሳደሩን ሐጂ ከድር የሚባሉ ባለሱቅ ናቸው። ከስልጤ መጥተው ጊንጪ ከከተሙ ብዙ ዓመታቸው ነው፤ ልጆቻቸው እዚያው ተወልደው እዚያው ተድረዋል። ስድስት የማያውቁትን ሰው አስገብተው፣ ከእህል መጋዘናቸው ጆንያውን ገፍተው ምንጣፍ አነጠፉልን። በእኛ ሰፈር ቢሆን መጀመሪያ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ቀጥሎ የቀበሌው ሊቀመንበር ይጠራል። ቆጮ በጎመን ቀረበልን። እየበላን፣ "ምን ይዛችሁ ነው የምትዞሩት?" አሉ።

"ጃዝ፣ ሐጂ" አለ ወርቁ።

"ጃስ?" እጃቸው ትሪው ላይ ቀረ። "ውሻ አላችሁ እንዴ?"

"የለም፣ ሙዚቃ ነው።"

"እኔ ጃስ ሲባል የማውቀው ውሻ ሰው ላይ ሲለቀቅ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ጃስ ባይ በዝቷል።" ይህን ካሉ በኋላ ወደ በሩ አየት አደረጉና፣ "ብሉ፣ ብሉ እንጂ" አሉን።

ጓደኞቼ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሃያ ዓመት በኩራት ስጠራው የኖርኩት ስም ውሻ መልቀቂያ መምሰሉን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

ዓርብ ረፋድ ላይ አውቶቡሱ ተጠግኖ አምቦ ገባን። በመዘግየታችን የሚጠብቀን ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት የኪነት ቡድኑ ወጣቶች ዩኒፎርም ለብሰው በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ለካ ሐሙስም ሙሉ ቀን ቆመው ውለዋል። አለቃቸው ኦቦ ቶሌራ ናቸው፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር። ኦቦ ማለት እንደ እኛ አቶ ነው፤ አፋቸው ላይ ሲሆን ግን ከአቶ ከፍ ይላል። "አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ" እያሉ ስድስታችንንም ጨበጡን። ሲጨብጡን ግን ዓይናቸው ከጣሪያው አልተነቀለም።

"የታለ?" አሉ።

"ምኑ?"

"ጃዙ።"

ወርቁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ወጣቶቹ ጣሪያው ላይ ወጥተው ዕቃውን አወረዱ። ኮንትራባሱን ወደ ጎን አደረጉት። የከበሮ መቺያችንን የጋሽ ተሰማን ሣጥን ሲከፍቱና ትልቁ ከበሮ ብቅ ሲል ግን ዕልልታው ቀለጠ። ተሸክመውት ማዘጋጃ ቤቱን እየዞሩ ይዘፍኑ ጀመር። "አየህ፣ ሕዝብ ማለት እንዲህ ነው" አልኩት ወርቁን። አዲስ አበባ ሰው አንድ እጁ ብርጭቆ ስለሚይዝ በጭኑ ነው የሚያጨበጭብልን።

አዳራሽ ገባን። ከበሮው መድረክ ላይ ወጥቶ ሪባን ተወጠረበት። ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት የመጡ አንድ ሰው ንግግር አደረጉ። "የሁለት ዓመት ጥያቄያችን ዛሬ መልስ አገኘ። ጃዙ ደርሶናል። ከአዲስ አበባ ድረስ ተሸክመው ላመጡልን ስድስት ጓዶችም ምስጋና ይድረሳቸው" አሉ። ተጨበጨበልን።

ጋሽ ተሰማ ከሁላችን ታላቅ ናቸው። ስድሳ ዓመታቸው ነው፤ ያንን ከበሮ ከድሮ አለቃቸው ከተረከቡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ባለቤታቸውም እንኳ አቧራውን እንድትጠርግ አይፈቅዱላትም። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ "ልጄ፣ የሚመርቁት የኔን ከበሮ ነው እንዴ?" አሉኝ።

ደርቄ ቀረሁ። ለካ በአገሩ ሁሉ ጃዝ ማለት ያ በእጅም በእግርም የሚመታው የከበሮ ስብስብ ነው። ጉዱ ደግሞ እኛም እናውቃለን። ጋሽ ተሰማን በየቀኑ "ጃዝ መቺው" እያልን ነው የምንጠራቸው። ደብዳቤውን አሥር ጊዜ ስናነብ ግን አንዳችንም ትዝ አላለንም።

ኦቦ ቶሌራ ቤታቸው ወሰዱን። ወርቁ እንደምንም ነገሩን አስረዳቸው። እሳቸውም እንደኛው ደነገጡ።

"ኧረ ጓዶች፣ እኛ የጠየቅነው እኮ ጃዝ ነው።"

"እኛ ነን ጃዝ፣ ኦቦ ቶሌራ።"

"እናንተማ ሰዎች ናችሁ" አሉ፣ እንዳንቀየማቸው በሚል ለስለስ ባለ ድምፅ።

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ "ዲቤን ሂንዱፍኔ?" ብለው ጠየቁ። ከበሮው አልመጣም ወይ ማለታቸው ነው። "ናማቱ ዱፌ" አሉ ኦቦ ቶሌራ፤ የመጣውስ ሰው ነው። አዴ ጫልቱ አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ ሰው ከመጣ ሰው መብላት አለበት ብለው ጨጨብሳ አቀረቡልን፣ ቅቤው ከሣህኑ ዳር ዳር የሚፈስ። እኔ በሕይወቴ በዚያ መጠን አፍሬ በልቼ አላውቅም፤ ሁለት ሣህን ጨረስኩ። ለመኝታም አልጋቸውን ለቀቁልን፣ እነሱ መሬት ተኙ። ብንለምናቸውም አሻፈረኝ አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ፍል ውሃውን አሳዩን። እኔ ጋዙ ፋብሪካ ውስጥ የሚጨመር ይመስለኝ ነበር፤ ከመሬት እየተንጣጣ ሲወጣ ሳየው ወደ ኋላ ሸሸሁ፣ ሳቁብኝ። የጉደርን ፏፏቴም ልናሳያችሁ ነው ብለው ነበር፤ መኪናው አልነሳ ስላለ ስለ ፏፏቴው የምነግራችሁ የለኝም። ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ሳይበተን፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከሸነን ድረስ በጭነት መኪና የመጡ ነበሩ። ሁሉም የመጣው ጃዙን ሊያይ ነው።

ጋሽ ተሰማ ከበሮአቸው ላይ ተቀመጡና የመጀመሪያውን ተጫወትን። ያለ የሌለ ኃይላችንን አወጣን። ስንጨርስ አንድም ሰው አላጨበጨበም። ክንዳቸውን አጣጥፈው፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጠዋል። ሁለተኛውን ተጫወትን። ያው ነው። በላብ ተጠመቅኩ። አዲስ አበባ ያልወደደህ ሰው ቢያንስ ያፏጭብሃል።

ሦስተኛው መሐል ላይ ግን ከአዳራሹ ጎን ሌላ ምት ሰማሁ። የኪነት ቡድኑ መቺ ሎሚቱ ናት፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ። ጃዝ እስኪመጣ ሁለት ዓመት የደበደበችው የዘይት በርሜል ፊቷ ቆሟል። የምትመታው ረገዳ ነው፣ የአገሯን ጭፈራ ምት። እኔ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ልትረብሸን ነው አልኩ። ቀስ ብሎ ግን ነገሩ ገባኝ፤ ረገዳዋ ከእኛ ስዊንግ ሥር ሰተት ብሎ ገብቶ ተስተካከለ። ስንቱን ሸክላ ስናደክም ያላገኘነው መወዛወዝ በርሜሉ ላይ ነበር። ፊተኛው ረድፍ ላይ ያሉ ሴቶች አንገታቸው መነቃነቅ ጀመረ። ቀጥሎ እግር መጣ። የአዳራሹ ወለል እንጨት ነውና ጫማዬ ሥር ተንቀጠቀጠ።

ጋሽ ተሰማ መምታት አቆሙ። ተነስተው ወርደው ሎሚቱን በእጇ ይዘው አመጧትና ዱላዎቹን ሰጧት። ባለቤታቸው ያልነካችውን ከበሮ። ልጅቷ ፔዳሉን በእግሯ ሁለቴ ሞከረችና ጀመረች። ያን ዕለት የተጫወትነውን ከዚያ በፊት ተጫውተነው አናውቅም። አንድ ሰው ሳይቀር ቆሞ ይጨፍር ነበር። ጋሽ ተሰማ ከመድረኩ ጥግ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ላይ ያለው ደስታ ይሁን ሐዘን መለየት አቃተኝ።

እሑድ የደብዳቤው ቀን ነው። ኦቦ ቶሌራ የትምህርት ቤቱን ጽሕፈት ቤት ከፍተው ታይፕራይተሩ ላይ ወረቀት አስገቡ። እጃቸው ግን አልንቀሳቀስ አለ።

"ጃዝ ደርሶናል ብዬ ብጽፍ ጥያቄያችን ተዘጋ ማለት ነው" አሉ። "ሎሚቱ ዕድሜዋን በርሜል ትደበድባለች። አልደረሰንም ብዬ ብጽፍ እናንተ ትፈርሳላችሁ። እንዴት ላድርግ? እኔ መምህር ነኝ፤ በማኅተም አልዋሽም።"

ወርቁ ለመናቸው። ሰዎቹ ወደውናል፣ መውደድም መድረስ ነው አላቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ነው እኔ የተናገርኩት። "የእናንተ በርሜል ከእኛ እንጀራ ይበልጣል?" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ። በሰው አልጋ ሁለት ሌሊት ተኝቼ፣ ባለቤቱን መሬት አስተኝቼ።

ጋሽ ተሰማ በሩ ላይ ቆመው ነበር። "ጻፉ" አሉ። "ጃዝ ተረክበናል በሉ። ውሸት አይሆንም፤ ከበሮው እዚህ ይቀራል።"

"የመሥሪያ ቤቱ አይደለም እንዴ?" አሉ ኦቦ ቶሌራ።

"የራሴ ነው። ባይሆን መች እሰጣለሁ?"

"ጋሼ፣ ያለ እሱ ምን ሊሆኑ ነው?" አለ ወርቁ።

"ሠላሳ ዓመት መታሁት" አሉ ጋሽ ተሰማ። "የሰማሁት ግን ትናንት ያቺ ልጅ ስትመታው ነው። በቃ፣ አታስለፍልፉኝ።"

ኦቦ ቶሌራ ተነስተው ጋሽ ተሰማን ትከሻቸውን ሳሟቸው። ከዚያ ተቀምጠው፣ "በጠየቅነው መሠረት አንድ ጃዝ ተረክበናል" ብለው ጻፉ፤ ማኅተሙንም በሁለት እጃቸው ተጭነው መቱት። አዴ ጫልቱ ለመንገድ ጩኮ ቋጠሩልን፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፤ ከእኛ በሶ ጋር አንድ ነው ብዬ ስናገር በጣም ተቀየሙኝ። ጋሽ ተሰማ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ጣታቸው ጭናቸው ላይ ይመታ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ስድስታችንም ኃላፊው ቢሮ ቆምን። ደብዳቤውን አነበበ። እንደገና አነበበ።

"አንድ ጃዝ ተረክበናል ይላል።"

"አዎ፣ ጓድ" አለ ወርቁ ደረቱን ነፍቶ።

"ከተረከቡ ታዲያ እናንተ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?"

ወርቁ ይንተባተብ ጀመር። "እነሱ፣ ማለቴ፣ ጃዝ የሚሉት ከበሮውን ነው፣ ጓድ።"

"እንግዲያው የጠየቁትም ከበሮ ነዋ። እናንተን የጠየቀ የለም ማለት ነው። ባንዱ ዛሬ ይፈርሳል።" ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በመዳፉ አስተካከለው። "ጃዝ እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ አምቦ በማኅተም ተረክባችኋለች። የዝውውር ደብዳቤ እጽፍላችኋለሁ፣ ኑሯችሁ እዚያ ይሆናል። የተረከቡት የትኛውን ነው?"

ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። ወርቁ ሦስት ልጆች ትምህርት ቤት አሉት። እኔ የተወለድኩበት ፒያሳ ያለው ቤት ውስጥ ነው የምኖረው፤ እናቴም የሞተችው እዚያው ነው፤ ባለቤቴ ከሰፈሩ ውጭ ዘመድ የላትም። ጋሽ ተሰማ መሬት መሬት ያያሉ። ኃላፊው እስክሪብቶውን አንስቶ ይጠብቃል።

"የተረከቡት እኛን ነው" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማን ደፍሮ ተናገረ ብዬ ዞር ስል፣ አምስቱም የሚያዩት እኔን ነው።